«ከብረት የጠነከረ» ጄል ስንት እርምጃ ይራመዳል?

ጄል ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የሚታየን የፀጉሩ ነው። ጣት ሲነካው የሚንቀጠቀጥ፣ ማንኪያ ሲገባበት የማይከራከር ነገር። በ2017 ግን (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው) ከጃፓኑ ሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ለየት ያለ ዜና ወጣ። ተመራማሪዎቹ እጅግ ከቀጠኑ የመስታወት ክሮች የተሸመነ ጨርቅ ጄል ውስጥ ከተው አንድ ቁስ ሠሩ፤ 40 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ይህን ቁስ ቀድዶ ለመጨረስ የሚያስፈልገው ኢነርጂ ከካርበን ብረት 5 እጥፍ ይበልጣል ተባለ። ወሬው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ «ከብረት 5 እጥፍ የጠነከረ ጄል» ሆነ።

ውሸት ነው? አይደለም። ታዲያ እውነት ነው? እሱንም ለማለት ይቸግራል። ከዚህ ጄል ሚስማር ሠርታችሁ ግድግዳ ልትመቱበት ብትሞክሩ የሚታጠፈው ሚስማሩ ነው። በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ እንደ ጨርቅ ትጠቀልሉታላችሁ። ብረትን እንዲህ ማድረግ የሚችል ካለ እስቲ ይምጣና እንየው።

ጥፋቱን ሳይንቲስቶቹ ላይ አልጭንም። ወሬውን የምናቀብለው እኛ ነን፤ «ጠንካራ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ለሁሉም ነገር እናውላታለን። ጠንካራ ምጣድ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ጠንካራ ቡና፣ ጠንካራ ተማሪ፣ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ። ምስኪን ቃል! ቁስ የሚያጠኑ ሰዎች ግን ይህችን አንዲት ቃል ቢያንስ ለሦስት ይከፍሏታል። ለስላሳ ሆኖ የማይቀደድ ነገር የመሥራት ጥበብ ያለው ደግሞ እዚያው ክፍፍል ውስጥ ነው።

ለጊዜው የራሴን ስም ላውጣላቸው። አንደኛው ግትርነት ነው፦ ሲጫኑት ወይም ሲስቡት ምን ያህል እምቢ ይላል? ሁለተኛው ብርታት፦ እስኪበጠስ ድረስ ስንት ይሸከማል? ሦስተኛውን ቻይነት ልበለው፦ አንዴ ከተሰነጠቀ በኋላ ስንጥቁ ወደፊት እንዲሄድ ስንት ኢነርጂ ይጠይቃል? የሸክላ ምጣድ ግትር ነው። ስንጥቅ ከያዘው ግን አለቀለት፣ እናቶቻችን ያውቁታል። የአልጋ ጠፍር ደግሞ በተቃራኒው ነው። ልስልስ ብሎ ይተጣጠፋል፤ ጎኑ ላይ በቢላ ብትጭሩት ግን ከዚያች ጭረት ተነስቶ ዝም ብሎ አይሰነጠቅም። ግትር ያልሆነ፣ ግን ቻይ የሆነ ነገር ማለት እሱ ነው።

ስንጥቅን ያለ ነገር አላነሳሁም። መርካቶ አቡጀዲ ስትገዙ ነጋዴው ለክቶ ሲጨርስ ጠርዙን በመቀስ ትንሽ ነካ ያደርጋትና በሁለት እጁ ይዞ ጥርርርር ያደርገዋል። ያቺ የመቀስ ንክሻ ባትኖር ጨርቁን ሁለት ጎረምሳ ቢጎትተው እምቢ ይላል። ስትኖር ግን አንድ ሰው ይበቃዋል። ምክንያቱም ጨርቁ ሁሉ እኩል ተካፍሎት የነበረው ጭነት ንክሻዋ ጫፍ ላይ ይሰበሰባል፤ እዚያ ያለው አንድ ክር ይበጠሳል፣ ጭነቱ ለጎረቤቱ ይተርፋል፣ እሱም ይበጠሳል። የሳሙና ዱቄት ፓኬት ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ ቁርጥም ሥራዋ ይኸው ነው። በዓለም ላይ ደግሞ ጭረት የሌለው ዕቃ የለም። ስለዚህ ለስላሳ ቁስ ሲሠራ ዋናው ጥያቄ «ስንት ይሸከማል?» ብቻ ሳይሆን «ሲጫርስ ምን ይሆናል?» ነው።

አሁን ትንሽ ወደ ጎማ ልመልሳችሁ። ጎማ ፖሊመር ነው፤ ማለትም አንድ ዓይነት ትንንሽ ቅንጣቶች እየተቀጣጠሉ የሚሠሩት በጣም ረጅም ሰንሰለት ክምችት ነው። ጥጥም፣ ፌስታልም፣ ቆዳችንም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድዪር በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር አድርጎ ሲያሞቀው በሙቀት የሚላቆጠውና በብርድ የሚሰነጣጠቀው ነገር ሰው ሊጠቀምበት የሚችል ቁስ ሆነ። ድኙ የሠራው ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ የሚያስሩ ድልድዮችን ነው። (በነገራችን ላይ፣ እንዲህ የታሰረ ጎማ እንደ ፌስታል ተመልሶ አይቀልጥም። ያለቀ የመኪና ጎማ እኛ ሀገር ሳይቀልጥ ተቆርጦ በረባሶ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በረባሶ የኬሚስትሪ ትምህርት ነው ብል ማን ይከራከረኛል?)

ድልድዮቹ ግን ጣጣ አላቸው። ሌክና ቶማስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1967 ጉዳዩን በሚያምር መንገድ አስረዱት። አንድ ሰንሰለት ሲበጠስ የሚበጠሰው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ግን በሁለት ድልድዮች መሀል ያሉት ቀለበቶች ሁሉ ተወጥረው ኢነርጂ ይዘዋል። አንዷ ቀለበት ስትሄድ የሁሉም ይባክናል። ስለዚህ ረጅም ሰንሰለት መበጠስ ውድ ነው፣ አጭሩን መበጠስ ርካሽ። ድልድይ ስታበዙ በድልድዮቹ መሀል ያለው ሰንሰለት ያጥራል፤ ቁሱ ግትር ይሆናል፣ ቻይነቱ ግን ይወርዳል። ድልድይ ስትቀንሱ ቻይነቱ ይመጣና ቁሱ ይልፈሰፈሳል። አንዱን ስትይዙ ሌላው ያመልጣል።

ጄል ላይ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። ጄል ማለት ውሃ የጠጣ የሰንሰለት መረብ ነው፤ አብዛኛው አካሉ ውሃ ስለሆነ የሚጎተተውን የሚይዙት ሰንሰለቶች ጥቂት ናቸው። ቁጥሩን እንየው። ስንጥቅን በአንድ ካሬ ሜትር ለማስኬድ ተራ ጄል ወደ 10 ጁል ይበቃዋል፤ ጉልበታችን ውስጥ ያለው ልም አጥንት ወደ 1000፣ የተፈጥሮ ጎማ ወደ 10 ሺህ ይጠይቃል። ልብ በሉ፣ ልም አጥንትም በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ከ65 እስከ 80 በመቶ። ውሃ ሆኖ መቻል ይቻላል ማለት ነው። ተፈጥሮ የምታውቀውን ላቦራቶሪው አያውቅም ነበር።

ይህን የሰበረችው እዚያው ሆካይዶ የምትሠራው ጂያን ፒንግ ጎንግ ናት፣ ከባልደረቦቿ ጋር በ2003። መንገዷ መጀመሪያ ሲሰሙት እብደት ይመስላል። ድልድዩ የበዛ፣ ግትርና ተሰባሪ የሆነ ጄል ሠሩ። ሰንሰለቶቹ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ስለሆኑ ውሃ ይወዳሉ፤ ጄሉ ውሃ ውስጥ ሲገባ አብጦ አብጦ ሰንሰለቶቹ ገና ማንም ሳይነካቸው ይወጠራሉ። ይህን ያበጠ ጄል የሌላ ፖሊመር ጥሬ ዕቃ በሟሟበት ውሃ ውስጥ ነከሩትና እዚያው ሆዱ ውስጥ ሁለተኛ መረብ እንዲበቅል አደረጉ። ሁለተኛው ረጅም፣ ልፍስፍስ፣ ድልድዩ እዚህም እዚያም ብቻ ያለ፣ በመጠን ግን ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው። ሁለቱም ለየብቻቸው ዋጋ የላቸውም። አንዱ ሲነካ ይፈረካከሳል፣ ሌላው ይዝለገለጋል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን 90 በመቶ ገደማ ውሃ የሆነው ጄል ሳይሰበር ወደ 17 ሜጋፓስካል ጫና ቻለ። በኛ ቋንቋ፣ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ አንድ ኩንታል ከሰባ ኪሎ እንደማቆም ነው።

እንዴት? ሲጎተት ግትሩ መረብ ቀድሞ ይሰበራል። አንድ ቦታ ላይ አይደለም፤ ስንጥቁ ጫፍ ዙሪያ ሰፋ ባለ አካባቢ እዚህም እዚያም ይሰባበራል። እያንዳንዷ ስብራት ኢነርጂ ትበላለች። ያ ሁሉ ሲሆን ልፍስፍሱ መረብ ተለጥጦ ቁርጥራጮቹን ይዞ ይቆማል። ስንጥቁ ሊሄድበት የነበረው ኢነርጂ መንገድ ላይ ያልቃል።

(«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብላ ልትጨርስ ነው ብላችሁ ከፈራችሁ፣ አትፍሩ። ተረቱ ራሱ እዚህ አይሠራም። የጎንግ ጄል ውስጥ ድሮቹ እኩል አላበሩም። የተወሰኑት እንዲሰበሩ ተብለው ነው የገቡት።)

እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። የነዚህ ሰዎች ንድፍ የማይሰበር ነገር ፍለጋ አይደለም፤ የቱ ቀድሞ ይሰበር፣ የት ይሰበር፣ ሲሰበር ማን ይያዘው የሚል ምርጫ ነው። «የማይሰበር ቁስ ተሠራ» ብሎ የሚዘግብ ጋዜጠኛ ታዲያ የፈጠራውን ልብ ገልብጦ ነው የነገራችሁ።

ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። አንዴ ለመሥዋዕትነት የተሰበረው መረብ አይመለስም። የጎንግን የ2003 ጄል አንዴ በደንብ ከለጠጣችሁት በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ስትለጥጡት የምታገኙት የለዘበ ሌላ ጄል ነው። በ2012 የሃርቫርዱ ዢጋንግ ሱዎና ባልደረቦቹ ለዚህ መላ አመጡ፤ ከባሕር አረም የሚገኘውን አልጂኔት የተባለ ፖሊመር በካልሲየም አስረው ከሌላው መረብ ጋር አጣመሩት። የካልሲየሙ ማሰሪያ ሲጎተት እንደ ዚፕ ይከፈታል፣ ጊዜና ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ አብዛኛው ተመልሶ ይገጥማል። ያ ጄል 90 በመቶ ውሃ ሆኖ ከርዝመቱ 20 እጥፍ በላይ ተለጠጠ፤ በቢላ ተነክሶ እንኳን 17 እጥፍ ሄደ። ቻይነቱ ወደ 9000 ጁል። ጎማ ማለት ነው! ዓለም ቢያጨበጭብ አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ጉልበት። ቋንቋችን «ጉልበት» ብሎ መታጠፊያውንም ኃይሉንም በአንድ ስም መጥራቱ ሁሌም ይገርመኛል፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይሄዳላ። አንዲት አክስት አሉኝ፣ ደረጃ ሲወጡ እያንዳንዷን እርከን የሚረግሙ። ጋዜጠኝነት መማሬን ከሰሙበት ቀን ጀምሮ የዓለም ዜና ሁሉ እኔ ዘንድ ያለ ይመስላቸዋል። «አንቺ፣ ያ የጉልበት ጄል መጣ ወይ? በራዲዮ ከብረት ይጠነክራል ብለዋል እኮ» ይሉኛል። እሳቸው የሚጠይቁት የሜጋፓስካል ጥያቄ አይደለም። አጥንት ከአጥንት ሲፋተግ የሚሰማቸው እሳቸው ናቸው፤ ልም አጥንት ደግሞ የደም ሥር ስለሌለው አንዴ ካለቀ ራሱን አይጠግንም ማለት ይቻላል።

እስቲ እናስላ። አንድ ሰው በቀን 5 ሺህ እርምጃ ቢራመድ በዓመት 1 ሚሊዮን 825 ሺህ ይሆናል። ለሁለት እግር ስናካፍለው አንዱ ጉልበት በዓመት ከ900 ሺህ ጊዜ በላይ ይጫናል፣ ይለቀቃል። ላቦራቶሪ ውስጥ 9000 የተባለው ጁል ግን የአንድ ጊዜ ጉተታ ነው። አንድ ጊዜ!

ይህን ጥያቄ ከሁሉም በፊት የጠየቁት ራሳቸው ተመራማሪዎቹ መሆናቸውን መካድ አይገባም። የሱዎ ቡድን ከ2017 ጀምሮ ጄሎችን እየደጋገመ መጫን ያዘ። ያገኙት ነገር ደስ አይልም። ክንድ እንደሚዝል ቁስም ይዝላል። ጭነቱ ሲደጋገም ለመሥዋዕትነት የተዘጋጁት ማሰሪያዎች በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ያልቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ስንጥቁ ፊት የሚቆመው አንድ ረድፍ ሰንሰለት ብቻ ነው፣ ልክ ሌክና ቶማስ እንዳሉት። በሺህ የሚቆጠር ጁል ይችላሉ የተባሉት ጄሎች ውስጥ ጭነት ሲደጋገም ስንጥቅ በ100 ጁልና ከዚያም በታች ማደግ ይጀምራል። በ2019 የኤምአይቲው ሹዋንሄ ዣኦና ባልደረቦቹ ጄል ውስጥ ጥቃቅን ክሪስታሎችን አብቅለው ይህን ወለል ከ1000 በላይ አደረሱት፤ ስንጥቁ ክሪስታሉን ሰብሮ ማለፍ አለበትና። ይህ ዜና ከ«ብረት»ኛው ዜና ለአክስቴ ጉልበት አሥር እጥፍ ይቀርባል። ግን ማን ዘገበው? «የመዛል ወለል ከፍ አለ» የሚል ርዕስ አንባቢ አይጠራማ።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ካርቲቫ የሚባል፣ የእግር አውራ ጣት መጋጠሚያ ውስጥ የሚገባ ትንሽ የጄል ቁራጭ አለ። የተሠራው ፖሊቪኒል አልኮል ከተባለ ፖሊመርና ከጨው ውሃ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2016 ፈቀደው። በ2024 ግን አምራቹ ራሱ ከገበያ ሰበሰበው፤ መውጣትና እንደገና መታከም ያስፈለጋቸው፣ ወደ አጥንት የሰመጠባቸው፣ የተሰባበረባቸው ሰዎች ቁጥር ከተጠበቀው በላይ ሆኖ ነበርና። ጄሉ ደካማ ስለነበር ነው ብዬ አልደመድምም፤ ሰውነት ውስጥ ከቁሱ ሌላ ብዙ ነገር አለ፣ ከአጥንት ጋር መጣበቁ፣ ቦታው፣ ቀዶ ጥገናው። እኔ የምለው፣ በማሽን መሀል የተጨመቀ ጄልና በሰው እግር የሚሄድ ጄል መሀል ያለው ርቀት ስምንት ዓመት ፈጅቶ በታካሚ እግር ላይ ተለካ።

ጎንግ ራሷ በ2019 ደግሞ ሌላ ነገር አሳየች። ጄሉ ሲጎተት የሚሰበሩት ሰንሰለቶች ጫፋቸው ላይ ኬሚካል ለመያዝ የተራበ ቦታ ይተዋሉ፤ ዙሪያው ጥሬ ዕቃ ካለ እሱን እየያዙ አዲስ መረብ ይሠራሉ። ጄሉ በተጎተተ ቁጥር ይጎለብታል፣ እንደ ስፖርተኛ ጡንቻ። በእውነት የሚያስደምም ሥራ ነው። «ጡንቻ የሚያወጣ ጄል!» ብሎ ለመጮህ ያምራል። ነገር ግን በሙከራው ጄሉ የሚመገበው እንደ አክሪላማይድ ያለ ጥሬ ዕቃ በሟሟበት ውሃ ነበር፤ አክሪላማይድ ነርቭን የሚጎዳ ነገር ነው። እዚህች ላይ ያልደረሰ ዜና ሰውን ተስፋ ያስቆጥራል።

ከሁሉም የወደድኩት የ2021ዱ ነው፣ የሱዎ ቡድን ሥራ። ድልድይ ማብዛቱንም፣ ተሰባሪ መረብ ማስገባቱንም ትተው ሰንሰለቶቹን በጣም ረጅም አደረጓቸው፤ ሲሠሯቸው ውሃ በጣም ቀነሱ፣ ድልድይ ደግሞ ከቁጥር የማይገባ። እንዲህ ሲሆን ሰንሰለቶቹ እንደ ተወሳሰበ ፈትል እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። ፈትል የተወሳሰበባት ሴት ታውቃለች፣ አንዱን ጫፍ ስትስቡ ጠቅላላው ይንቀሳቀሳል። ውስብስቡ እንደ ድልድይ ይይዛል፣ ግን ይንሸራተታል፤ ስለዚህ አንዱ ሰንሰለት ላይ የመጣው ጭነት ለብዙዎች ይዳረሳል። ግትርነትና ቻይነት አንድ ላይ መጡ፣ መዛሉ ቀነሰ፣ ሲፋተግም ብዙ አያልቅም። የጉድዪር ልጆች ሲጣሉበት የኖሩት ክር በመወሳሰብ ሲፈታ አያስቅም?

እንግዲህ ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ብለው አስተምረውናል። ስለ ቁስ ለምንጽፍ ሰዎች አንድ ቢጨመር ደስ ይለኛል፦ ስንት ጊዜ? «ከብረት የጠነከረ» የሚል ወሬ ሲደርሰን፣ በግትርነት ነው፣ በብርታት ነው፣ በቻይነት? ተጭሮ ተለክቷል? ተደጋግሞስ? ዋናውን ጽሑፍ ከፍቶ እነዚህን መፈለግ ሩብ ሰዓት ነው የሚወስደው። አክስቴ ሕክምናቸውን እያዘገዩ ራዲዮ የሚጠብቁበት ጊዜ ግን ሩብ ሰዓት አይደለም።

ቃላቱን በተመለከተ፣ ግትርነት፣ ብርታትና ቻይነት ያልኳቸው የእኔ ሙከራ ናቸው፤ ለተደጋጋሚ ጭነቱ ደግሞ «ዝለት» ብል ብዬ አስቤያለሁ። የተሻለ ሊኖር ይችላል። ቆዳ ፋቂዎች፣ ጫማ ሰፊዎች፣ በረባሶ የሚቆርጡ ሰዎች ቢላ ሲያስገቡ ቶሎ የሚቀደደውን ጎማና የማይቀደደውን በምን ስም እንደሚለዩት የምታውቁ ካላችሁ፣ ከታች ጻፉልኝ።